የኮሌጅ መግቢያ ስታቲስቲክስን በኦንላይን መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አሜሪካ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የስታቲስቲክስ ኮርስ በኦንላይን ለሚወስዱ ወይም ለመመዝገብ ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አብዛኞቹ ጥያቄዎች የመጡት ሥራ ውለው ወይም አድረው፣ ልጆች አስተኝተው ከሚያጠኑ ወገኖቻችን ነው። ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ ያስተዋልኩትንም ጨምሬበታለሁ።

ሒሳብ ከተማርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ኮርስ እወጣዋለሁ?

ይወጡታል። ኮርሱ የሚጠይቀው ሒሳብ ሰው ከሚፈራው በጣም ያነሰ ነው። ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽና ወደ መቶኛ መለወጥ፣ ስኩዌር ሩት ማውጣት፣ ቀመር ውስጥ ቁጥር መተካት፣ ከ−1.5 እና ከ−2 የትኛው እንደሚያንስ ማወቅ ይበቃል። ካልኩለስ የለበትም፤ ትሪጎኖሜትሪም የለበትም። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃን በደንብ የተማረ ሰው መሠረቱ በእጁ አለ። ትንሽ ከዛገብዎት ደግሞ ብዙ ኮሌጆች ከኮርሱ ጎን ለጎን የሚሰጥ የድጋፍ ክፍል አላቸው፤ ሲመዘገቡ አማካሪዎን ይጠይቁ።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ቦታ ነው። ስሌቱን ካልኩሌተር ይሠራልዎታል። ከእርስዎ የሚጠበቀው የወጣው ቁጥር ስለተጠየቀው ጉዳይ ምን እንደሚል በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማስረዳት ነው። በሒሳብ ጎበዝ የነበሩ ተማሪዎች ቁጥሩን በትክክል አውጥተው፣ ከሥሩ ምንም ሳይጽፉ አልፈው ግማሽ ነጥብ ሲያጡ አይቻለሁ። ሒሳብ አልወድም ይሉ የነበሩ ደግሞ እያንዳንዱን መልስ በቃላት ማብራራት ስለለመዱ ኤ ያመጣሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንድ ልማድ ይያዙ፦ የቤት ሥራው ባይጠይቅም ከእያንዳንዱ መልስ ሥር «ይህ ማለት…» ብለው አንድ መስመር ይጻፉ። በአማርኛ ቢጀምሩትም ችግር የለውም። ሐሳቡ ከጠራ እንግሊዝኛው ይከተላል።

ኮርሱ ውስጥ ምን ምን አለ?

ከኮሌጅ ኮሌጅ ብዙም አይለያይም። መጀመሪያ መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብና በግራፍ እንዴት እንደሚታይ፣ ከዚያ አማካይ፣ ሚዲያን (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ ያለው) እና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው) ይመጣሉ። ቀጥሎ ፕሮባቢሊቲ፣ ባይኖሚያል እና ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን አሉ። ከሴሚስተሩ አጋማሽ በኋላ ዋናው ጉዳይ ይጀምራል፦ ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ ስለ መላው ሕዝብ መናገር። ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ሃይፖቴሲስ ቴስት፣ መጨረሻ ላይም ኮሪሌሽን እና ሪግሬሽን የሚማሩት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ወር ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘናጋል። መሐል ላይ ሳምፕሊንግ ዲስትሪቢዩሽን የሚባል ምዕራፍ አለ። አጭር ነው፣ የቤት ሥራውም ጥቂት ነው፤ ከሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ግን የቆመው በሱ ላይ ነው። ከሥራ አንድ ቀን ፈቃድ መውሰድ ከቻሉ ለዚያ ሳምንት ያስቀምጡት። ሐሳቡ ይህ ነው፦ 40 ሰዎች መርጠው አማካይ ገቢያቸውን ቢያሰሉ አንድ ቁጥር ያገኛሉ። ሌላ 40 ቢመርጡ ትንሽ የተለየ ቁጥር ይመጣል። እነዚህ አማካዮች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማወቅ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት እናካፍላለን፤ የሚወጣው ስታንዳርድ ኤረር ይባላል። ስለዚህ ናሙናው በ4 እጥፍ ሲያድግ ልዩነቱ የሚጠበው በግማሽ ብቻ ነው። ይህን አንድ ነገር በደንብ የያዘ ተማሪ የኋላው ምዕራፍ አያስጨንቀውም።

የምፈልገው ነርሲንግ ነው። ስታቲስቲክስ ምን ያደርግልኛል?

የነርሲንግን ሙያ የመሠረተችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ራሷ የስታቲስቲክስ ሰው ነበረች። በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮችን የጨረሰው ከጥይቱ ይልቅ በሽታው መሆኑን በቁጥር ሰብስባ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 በወር በወር በተከፋፈለ ባለቀለም ክብ ሥዕል ለመንግሥት ባለሥልጣናት አሳየች። በብሪታንያ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባልም እሷ ናት። ቁጥሩን ብቻ ብትደረድር ኖሮ ባለሥልጣናቱ ገልጠው ያልፉት ነበር። እሷ ግን ቁጥሩ ምን እያለ እንደሆነ እንዲታያቸው አደረገች።

ዛሬም ሆስፒታል ውስጥ አዲስ አሠራር ሲመጣ የሚመጣው ከጥናት ጋር ነው። ጥናቱ የተደረገው በስንት ሰው ላይ ነው? የማነጻጸሪያ ቡድን ነበረው? ውጤቱ በአጋጣሚ ሊገኝ ይችል ነበር? እነዚህን መጠየቅ የምትችል ነርስ ለታካሚዋ ትጠቅማለች።

ኦንላይን ሲባል ሁሉም አንድ ነው?

አይደለም። ሳይለዩ መመዝገብ ብዙ ሰው ያስቸግራል። አንዱ ዓይነት በተወሰነ ቀንና ሰዓት በዙም የሚገቡበት ነው፤ መምህሩ በቀጥታ ያስተምራል፣ እርስዎም ይጠይቃሉ። ሌላው ቪዲዮውንም የቤት ሥራውንም በራስዎ ሰዓት የሚሠሩበት፣ የማስረከቢያ ቀን ብቻ ያለው ነው። የሥራ ሰዓታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ሌላ ምርጫ ከሌለ ይሁን። ሁለቱም ከተመቹዎት ግን ለዚህ ኮርስ የዙሙን ይምረጡ። ስታቲስቲክስ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ካደረ በማግስቱ ሦስት ይሆናል።

ሌላው ማወቅ ያለብዎት፣ ገብቶ መውጣት ብቻ እንደ መገኘት አይቆጠርም። በመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ፣ ኩዊዝ ወይም የውይይት ጽሑፍ ካላስገቡ ብዙ ኮሌጆች አልመጣም ብለው ከኮርሱ ያወጡዎታል። የፋይናንሻል ኤይድ ገንዘቡም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

በኤፍ-1 ቪዛ የሚማሩ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሴሚስተር ለሙሉ ጊዜ ተማሪነት የሚቆጠርልዎት የኦንላይን ትምህርት አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ስታቲስቲክስን በኦንላይን ከያዙ ሌላው ትምህርትዎ በአካል መሆኑን ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጋር አስቀድመው ያረጋግጡ።

በሳምንት ስንት ሰዓት ልመድብለት?

ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጥናት ተብሎ ይታሰባል። ኮርሱ 3 ክሬዲት ከሆነ በሳምንት 9 ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። በ15 ሳምንት 135 ሰዓት ይመጣል። በበጋ ወይም በ8 ሳምንት የሚሰጠው አጭር ኮርስም ያንኑ 135 ሰዓት ስለሚፈልግ በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሙሉ ሰዓት እየሠሩ የ8 ሳምንቱን መውሰድ አልመክርም። ቶሎ ልገላገለው ብለው የሚገቡበት ብዙዎች ናቸው፤ ያልገባቸውን ምዕራፍ ተመልሰው የሚያዩበት ጊዜ ግን አያገኙም።

ሰዓቱን ለእሑድ አያከማቹት። በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እሱም ካልተቻለ በሥራ የምሳ እረፍት 4 ጥያቄ መሥራት እሑድ 9 ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ ይሻላል።

መጽሐፉ ውድ ነው?

እንደ መምህሩ ይለያያል። አሜሪካ ቴክሳስ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ኦፕንስታክስ የመግቢያ ስታቲስቲክስ መጽሐፉን በነፃ ያቀርባል፤ ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሲመዘገቡ የትምህርት ዝርዝሩ ላይ የመጽሐፍ ወጪ የሌለው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይፈልጉ።

አንዳንድ መምህራን ግን የቤት ሥራውን እንደ ማይላብ ወይም አሌክስ ባለ በክፍያ በሚሠራ ድረ ገጽ ላይ ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ ያገለገለ መጽሐፍ ከጓደኛ መግዛት አያዋጣም፤ የሚያስፈልገው የመግቢያ ኮዱ ነው፣ ኮዱም አንድ ሰው አንዴ ከተጠቀመበት አይሠራም። ገንዘቡ ለጊዜው ከሌለዎት የሁለት ሳምንት ያህል ጊዜያዊ መግቢያ እንዳለ ይጠይቁ።

የትኛውን ካልኩሌተር ልግዛ? እንዴትስ ልጠቀምበት?

መጀመሪያ ሲላበሱን፣ ማለትም መምህሩ የሚሰጠውን የኮርሱን ዕቅድና ደንብ፣ ያንብቡ። ብዙዎቹ መምህራን ቲአይ-84ን ይጠቀማሉ። አዲሱ ከ100 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መዋስ እንደሚቻል ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ያውሳሉ። ኤክሴል፣ ጉግል ሺትስ ወይም ስታትክራንች የሚፈቅዱም አሉ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አስተናጋጅ የሆነች ተማሪ በአምስት ምሽት ያገኘችው ቲፕ 50፣ 60፣ 70፣ 70 እና 300 ዶላር ነው። ካልኩሌተሩ ላይ «ስታት» የሚለውን ተጭነው «ኤዲት» ውስጥ በመጀመሪያው ዝርዝር አምስቱን ቁጥሮች ያስገቡ። እንደገና «ስታት»፣ ከዚያ «ካልክ»፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ምርጫ «ዋን-ቫር ስታትስ» ይጫኑ። አማካዩ 110 ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ሚዲያኑ 70 ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። አማካዩ 110 ሆኖ ሳለ ከአምስቱ ምሽት በአራቱ 110 አልደረሰችም። ወደ ላይ የጎተተው የ300 ዶላሩ ምሽት ነው። ልጅቷ የቤት ኪራይ የምትከፍልበትን ስታስብ በየትኛው ቁጥር ብትተማመን ይሻላታል? ፈተናው ላይ የሚመጣው ይህን የመሰለ ጥያቄ ነው።

እዚያው ስክሪን ላይ ሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖች ያያሉ፤ አንዱ ኤስ ኤክስ፣ ሌላው ሲግማ ኤክስ ይባላል። የመጀመሪያው 106.5፣ ሁለተኛው 95.3 ነው። ከየት እንደመጡ አንድ ጊዜ በእጅዎ ቢሠሩት አይረሱትም። ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 110ን ሲቀንሱ −60፣ −50፣ −40፣ −40 እና 190 ይመጣል። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተው ሲደምሩ 45,400 ይሆናል። ለ4 አካፍለው ስኩዌር ሩቱን ካወጡ 106.5፤ ለ5 አካፍለው ካወጡ 95.3። አምስቱ ምሽት ከብዙ ምሽቶች የተወሰዱ ናሙና ከሆኑ የሚካፈለው ከብዛቱ አንድ ተቀንሶ ለ4 ነው። ምክንያቱም 110 የሚለው አማካይ የተሰላው ከእነዚሁ ቁጥሮች ስለሆነ ለእነሱ ከእውነተኛው አማካይ የበለጠ ይቀርባል፤ ርቀቱንም አሳንሶ ያሳያል። ለ4 ማካፈሉ ያንን ያስተካክላል። አምስቱ ምሽት ብቻ ከሆኑ የሚያስፈልጉን፣ ማለትም ሕዝቡ ራሱ እነሱ ከሆኑ፣ ለ5 እናካፍላለን። በዚህ ኮርስ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚያስፈልግዎት ኤስ ኤክስ ነው። በጉግል ሺትስና በኤክሴልም ስማቸው በኤስ እና በፒ የሚያልቅ ሁለት ትዕዛዞች አሉ፤ የናሙናው በኤስ የሚያልቀው ነው።

ስሌቱ ገብቶኛል፤ የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ግን እሳሳታለሁ። ምን ላድርግ?

ጥያቄውን ቀስ ብለው ያንብቡና ወሰኑን ይለዩ። «ከ10 ታካሚዎች ቢያንስ 3ቱ» ከተባለ 3ም ይቆጠራል። «ከ3 በላይ» ከተባለ ከ4 ይጀምራል። የባይኖሚያል ጥያቄ ላይ፣ ማለትም ከተወሰነ ሙከራ ስንቱ እንደሚሳካ ሲጠየቅ፣ ይህ ሙሉ መልሱን ይለውጣል። ካልኩሌተሩ የሚደምረው ከዜሮ ጀምሮ እስከ ሰጡት ቁጥር ስለሆነ፣ ቢያንስ 3 ሲባል እስከ 2 ያለውን አስልተው ከ1 ላይ ይቀንሳሉ፤ ከ3 በላይ ሲባል ደግሞ እስከ 3 ያለውን። ከመንካትዎ በፊት ከ0 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው የሚፈለጉትን ያክብቡ። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ስለ አማካይ ነው ወይስ ስለ መቶኛ? ለእያንዳንዱ ሰው የተመዘገበው ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ የደም ግፊት፣ ጉዳዩ አማካይ ነው። አዎ ወይም አይደለም ከሆነ፣ ለምሳሌ ክትባት ወስደዋል ወይ፣ መቶኛ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ቀመር ሁሉ በዚህ ይወሰናል።

መቼ ነው ዚ፣ መቼ ነው ቲ የምጠቀመው?

ሁለቱም ኮንፊደንስ ኢንተርቫልና ሃይፖቴሲስ ቴስት ስንሠራ የምንጠቀምባቸው ዲስትሪቢዩሽኖች ናቸው። ለመቶኛ ዚ። ለአማካይ የመላው ሕዝብ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ካልተሰጠ ቲ፤ በእውነተኛ ሕይወት ደግሞ አይታወቅም። ቲን ያገኘው ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት ነው። በጥቂት ናሙና የቢራውን ጥራት መወሰን ነበረበት፣ ዚ ደግሞ ለትንሽ ናሙና ከልክ በላይ እርግጠኛ ያደርጋል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ስለሆነ ዛሬም ስሙ የስቱደንት ቲ ነው።

ፒ ቫሉ ምን ማለት ነው? ስንት ጊዜ አንብቤ አልገባኝም።

ተማሪዎች በሙሉ የሚደናቀፉበት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አንዲት እናት የሐረርንና የይርጋጨፌን ቡና በጣዕም ብቻ እለያለሁ አሉ እንበል። ቤተሰቡ ግማሹ አመነ፣ ግማሹ አላመነም። እንዴት ይፈተናል? 8 ሲኒ ይቀዳል፤ በ4ቱ ሐረር፣ በ4ቱ ይርጋጨፌ። አቀማመጡ በዕጣ ይደባለቃል። እናት 4፣ 4 መሆኑ ተነግሯቸው፣ ሳያዩ ቀምሰው የሐረሩን 4 ሲኒዎች ይለያሉ።

መጀመሪያ የማያምነውን ሰው አቋም እንይዛለን፦ እናት አይለዩም፣ የሚገምቱት በዘፈቀደ ነው። ናል ሃይፖቴሲስ የሚባለው ይህ ነው። በዘፈቀደ ከሆነ ከ8 ሲኒ 4ቱን ለመምረጥ 70 መንገዶች አሉ። ከነዚህ ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ እናት 4ቱንም በትክክል ከለዩ፣ በግምት ብቻ ይህን የማድረግ ዕድላቸው 1 ለ70፣ ማለትም 0.014 ነበር። ፒ ቫሉ ይህ ነው፤ የማያምነው ሰው ትክክል ቢሆን ኖሮ ያየነውን ወይም ከዚያ የበለጠ አስገራሚ ውጤት የማየት ዕድል። 0.014 ከተለመደው የመወሰኛ ገደብ ከ0.05 (አልፋ ይባላል) ስለሚያንስ የማያምነውን አቋም እንጥላለን።

አንዱን ተሳስተው 3ቱን ብቻ ቢለዩስ? 3 ትክክል የሚሆንባቸው መንገዶች 16 ናቸው፤ 4ቱም የሚሆንበት 1 ሲጨመር 17 ከ70፣ ማለትም 0.243። በግምት ብቻም ከአራት ጊዜ አንዴ ያህል ይህ ይገኛል፤ ስለዚህ አያስደንቅም፣ ናል ሃይፖቴሲሱንም መጣል አንችልም። ግን ልብ ይበሉ፤ እናት አይለዩም ብለን አረጋገጥን ማለት አይደለም። በዚህች ሙከራ በቂ ማስረጃ አላገኘንም፣ በቃ። 20 ሲኒ ቢሆን ኖሮ ሌላ ውጤት ሊመጣ ይችል ነበር። ፈተና ላይ «ናል ሃይፖቴሲሱን እንቀበላለን» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ የሚቀነስበት ለዚህ ነው።

ሌላው ስሕተት 0.014ን አይቶ «እናት ለመለየታቸው 98.6 በመቶ እርግጠኞች ነን» ማለት ነው። አይደለም። ስሌቱን የጀመርነው እናት አይለዩም ብለን አስበን ነው፤ ያንኑ አቋም እውነት የመሆን ዕድሉን ሊነግረን አይችልም። ይህን ልዩነት በራስዎ ቃል ለሌላ ሰው ማስረዳት ሲችሉ ምዕራፉ ገብቶዎታል።

ሙከራውን በዚህ መልክ የቀረጸው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ የሱ ጥያቄ ወተቱ ከሻዩ በፊት ገባ ወይስ በኋላ የሚል ነበር።

መልሱን ሲጽፉ ሦስት ነገር ይኑርበት፦ ፒ ቫሉው ከአልፋ ጋር ተነጻጽሮ፣ ውሳኔው፣ ከዚያም ስለ ቡናው ራሱ የሚናገር ዓረፍተ ነገር። «ፒ ቫሉው 0.014 ከ0.05 ስለሚያንስ ናል ሃይፖቴሲሱን ውድቅ እናደርጋለን፤ እናት ሁለቱን ቡናዎች ከግምት በተሻለ እንደሚለዩ በቂ ማስረጃ አለ።» ብዙ ሰው ውሳኔው ላይ ያቆምና ሦስተኛውን ይረሳዋል።

አንድ ሺህ ሰው ጠይቆ ስለ ሚሊዮኖች መናገር እንዴት ይታመናል?

ናሙናው በዕጣ ከተመረጠ ይታመናል። 1,000 ሰው በዕጣ ተመርጦ ግማሹ አዎ ቢል፣ የ95 በመቶው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ብለን የምንገምተው ወሰን) ከ50 በመቶ ወደላይና ወደታች 3.1 ያህል ነው። ይህ ቁጥር አገሩ 5 ሚሊዮንም ሆነ 100 ሚሊዮን ሕዝብ ቢኖረው ከሞላ ጎደል አይለወጥም። 95 በመቶ የሚለው ስለ ዘዴው ነው፤ እንዲህ ያለ ናሙና ደጋግመን ብንወስድ ከ100 ኢንተርቫሎች 95 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ይይዛሉ ማለት ነው።

የራሳችን አገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለ ወሊድ፣ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ክትባት የምናውቀው በአብዛኛው በናሙና ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 16,650 ያህል ቤተሰቦችን አነጋግሮ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጆች እንደምትወልድ ገመተ። ሪፖርቱን ከፍተው መጨረሻ ላይ ያሉትን ሰንጠረዦች ይዩ፤ ከእያንዳንዱ ግምት አጠገብ ስታንዳርድ ኤረሩና የኢንተርቫሉ ወሰን ተጽፏል። ኮርሱ ላይ የሚማሩት ነገር አገር ቤት ሥራ ላይ ውሎ የሚያዩት እዚያ ነው።

በዕጣ ካልተመረጠ ግን ብዛት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰዎች መጠይቅ ልኮ 2.4 ሚሊዮን ያህል መልስ አገኘና አልፍ ላንደን ፕሬዚዳንት ሆኖ ይመረጣል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተወሰዱ ነበሩ፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ የሚደረግ የድምፅ አሰጣጥም ስንት ሺህ ሰው ቢሳተፍበት ያው ነው።

ፈተናው እንዴት ይሰጣል?

ሲላበሱ ላይ አለ። አንዳንዱ ኮሌጅ በአካል ወደ ፈተና ማዕከል ያስመጣል። ሌላው ሌላ ገጽ የማያስከፍት ብራውዘርና ካሜራ ይጠቀማል፤ ከመጀመርዎ በፊት ክፍሉን በካሜራ ዙሪያውን ያሳያሉ፣ መታወቂያም ያሳያሉ። ሰው የሚበዛበት ቤት ከሆነ ልጅ በሩን ከፍቶ ሲገባ ወይም ከጎን ድምፅ ሲሰማ ፕሮግራሙ እንደ ጥርጣሬ ይመዘግበዋል። ቤት ውስጥ ጸጥ ያለ ክፍል ከሌለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጥናት ክፍል አስቀድመው ይያዙ፣ ወይም በማዕከሉ ለመፈተን መምህሩን ይጠይቁ። ብራውዘሩ በታብሌትና በክሮምቡክ ላይ ሁልጊዜ ስለማይሠራ ከፈተናው ሳምንት በፊት በሙከራው ፈተና ይሞክሩት።

ኤአይ ብጠቀም ችግር አለው?

የመምህሩን ሕግ ያንብቡ፤ አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። በተፈቀደበት ቦታ ያልገባዎትን ሐሳብ በአማርኛ እንዲያስረዳዎት መጠየቅ ጥሩ ነው። የቤት ሥራውን እንዲሠራልዎት ማድረግ ግን ጉዳቱ ለራስዎ ነው። ኮርሱ የሚያስተምረው ትርጉም መስጠትን ነው፤ ያንን ለሌላ ከሰጡ ለፈተናው የሚቀርዎት ካልኩሌተር መጫን ብቻ ይሆናል። ዚ እና ቲን አደባልቆ በሙሉ መተማመን የተሳሳተ መልስ ሲሰጥም አይቻለሁ፤ ያልተማረ ሰው ደግሞ ስሕተቱን አያየውም።

ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኮርሱን ካወጡ ገንዘብዎ ይመለሳል፣ መዝገብዎ ላይም ምንም አይታይም። ያ ቀን ካለፈ በኋላ እስከ ሌላ የተወሰነ ቀን ድረስ መውጣት ይቻላል፤ መዝገብ ላይ ደብሊው (ከኮርሱ ወጥቷል ማለት ነው) ይጻፋል። ደብሊው ጂፒኤን አይነካም፤ ኤፍ ግን ይነካል። ሁለቱንም ቀኖች ከኮሌጁ ካላንደር ላይ ፈልገው ስልክዎ ላይ ያስገቡ።

ከመውጣትዎ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮን ያነጋግሩ። ሁሉንም ኮርሶች ትተው ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ከወጡ ከተሰጠዎት የፌዴራል ገንዘብ የተወሰነውን መመለስ ሊኖርብዎት ይችላል። አንዱን ኮርስ ብቻ ቢተዉም፣ አብዛኞቹ ኮሌጆች ከተመዘገቡበት ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እንዲያጠናቅቁ ስለሚጠይቁ ለሚቀጥለው ዓመት እርዳታ ይታሰባል።

መቀጠል ከወሰኑ ደግሞ ለመምህሩ ይጻፉ። ወገኖቻችን መምህርን ማስቸገር ነውር ይመስላቸዋል፤ እዚህ አገር ግን ኦፊስ አወር የተመደበው ለዚሁ ነው፣ ደመወዙም ውስጥ አለበት። «አልገባኝም» ብቻ ብለው አይጻፉ። የትኛው ጥያቄ፣ እስከ የት እንደሠሩት፣ የት ላይ እንደቆሙ ወረቀትዎን ፎቶ አንስተው ይላኩ። እንዲህ ለተላከ ጥያቄ የሚመጣው መልስ በጣም ይለያል። የኮሌጁ የማስጠኛ ማዕከልም በነፃ ነው፤ ብዙ ጊዜም በማታ በኦንላይን ይገኛል።

ክሬዲቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል?

በአብዛኛው አዎ፤ በተለይ በዚያው ግዛት ወዳሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች። የሚሄዱበት የትምህርት ክፍል ግን በካልኩለስ ላይ የተመሠረተ ስታቲስቲክስ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዳንድ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች፣ ይህ ኮርስ አይተካውም። ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ።

ኢትዮጵያ ወይም ዓረብ አገር ሆኜ ያለ ኮሌጅ መማር እችላለሁ?

ይችላሉ። የኦፕንስታክስን መጽሐፍ በፒዲኤፍ አንድ ጊዜ አውርደው ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ ካን አካዳሚ ላይም ሙሉ ኮርሱ በነፃ አለ። ለስሌት ካልኩሌተር መግዛት አያስፈልግም፤ ላፕቶፕ ካለዎት ጃሞቪ ወይም ጃስፕ የሚባሉ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፣ በስልክ ጉግል ሺትስ ይበቃል። ሰርተፊኬት አያገኙም፤ በኋላ ኮሌጅ ሲገቡ ግን ሸክሙ በጣም ይቀልልዎታል። ለመለማመጃ ከመጽሐፉ ቁጥሮች ሌላ በየሳምንቱ የገበያ ዋጋ ይመዝግቡ፤ የቲማቲም፣ የሽንኩርት፣ የዘይት። ሦስት ወር ከመዘገቡ አማካይ፣ ሚዲያን፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽንና ሪግሬሽን የሚሠሩበት የራስዎ መረጃ ይኖርዎታል፤ ቁጥሩ ምን እያለ እንደሆነም ከማንም መጽሐፍ በተሻለ ያውቁታል።